ግማሽ ድምፅ የወረደው ፒያኖ

በዚያ እሑድ ከሰዓት በኋላ ኡንተርሊደርባህ በሚባለው ሰፈር ባለ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ አምስት ሰዎች ነበርን። ፒያኖው ፊት መምህርቷ ተቀምጠዋል፤ ዕድሜያቸው ሰባ ሦስት ነው፣ ጥቁር ሹራብ ለብሰዋል፣ መነጽራቸው በሰንሰለት ደረታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ከፒያኖው ጎን ተማሪያቸው ቆማለች፤ ሃያ ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር የቀራት፣ እዚሁ ፍራንክፈርት ተወልዳ ያደገች ልጅ። በሩ አጠገብ አባቷ ተቀምጧል፤ ኤርፖርት ሻንጣ የሚጭን ሰው ነው፣ ከሥራ በቀጥታ ስለመጣ የሚያንጸባርቀውን ሰደርያ አላወለቀም። ሶፋው ላይ ከታችኛው ፎቅ የመጡት ጎረቤት አሉ፤ ጡረታ የወጡ ነርስ፣ የአስመራ ሰው። አምስተኛው እኔ ነኝ። መስኮቱ ሥር ቆሜያለሁ፤ ከዚያ የመምህርቷን እጅና ፊት አንድ ላይ ማየት ይቻላል። ሌላ ሰው አልነበረም። ኋላ ላይ እዚያ እንደነበሩ አድርገው የሚያወሩ ሰዎች ሰምቻለሁ፤ አልነበሩም።

መምህርቷ ወደ ጀርመን የመጡት ፋርማሲ ሊማሩ ነበር። በተማሪዎች ማደሪያ ካለ የመዘምራን ቡድን ገብተው ሳለ፣ የቡድኑ መሪ ጸጥታ ለማስያዝ የውሃ ብርጭቆውን በማንኪያ መታ አደረገ። እሳቸው ሳይጠየቁ የድምፁን ስም ጠሩ። ሰውየው ከውሃው ተጎንጭቶ ደግሞ መታ። አሁንም ጠሩ። በዚያው ሴሚስተር ፋርማሲውን ትተው ወደ ዘፈን ትምህርት ተዛወሩ። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት በኦፔራ መድረክ ላይ ሶፕራኖ ሆነው ሠሩ፤ መጀመሪያ በሰሜን በኩል ባለች ትንሽ ከተማ፣ በኋላ በዚህ አካባቢ። ትልልቆቹን ሚናዎች አላገኙም። ገረድ ሆነዋል፣ ሞግዚት ሆነዋል፣ የንግሥት ደንገጡር ሆነዋል፣ ከመጋረጃ ጀርባ ድምፅዋ ብቻ የሚሰማ መልአክ ሆነዋል። "በሠላሳ ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው መድረክ ላይ የሞትኩት፤ ሶፕራኖ ደግሞ ካልሞተች አበባ አይመጣላትም" እያሉ ይቀልዱ ነበር።

እንጀራቸው ጆሯቸው ነበር። አንዲት ዘፋኝ ስትታመም፣ መጋረጃው ሊከፈት አራት ሰዓት ሲቀረው ስልክ የሚደወለው ለእሳቸው ነው። ባቡር ውስጥ ወረቀቱን ያነባሉ፣ ደርሰው ልብሱን ይለብሳሉ፣ ወጥተው ይዘፍናሉ። ማንም ድምፅ ሳይሰጣቸው የትኛውንም ቃና ከአየር ላይ ያነሱታል። አዳዲስ ደራሲዎች በሚጽፉት አስቸጋሪ ሙዚቃ ውስጥ መነሻው የጠፋባቸው ባልደረቦች ከጎናቸው ይቆሙና በቀስታ እንዲያንጎራጉሩላቸው ይጠብቁ ነበር። ቅጽል ስማቸው "ሹካ" ነበር፤ ሙዚቀኞች መሣሪያቸውን የሚያስተካክሉበት ባለሁለት ጣት ብረት በጀርመንኛ ሹካ ነው የሚባለው።

እኔ ኒድ በሚባል ሰፈር ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት እሠራለሁ። በመመገቢያው አዳራሽ ማንም የማይነካው ፒያኖ ነበር። ከቁንጫ ገበያ አሮጌ መቃኛ ቁልፍና የጀርመንኛ መጽሐፍ ገዝቼ፣ ከምሳ በኋላ ባሉት ሰዓታት ሁለት ክረምት ሙሉ በዚያ ፒያኖ ላይ ተማርኩ። አስተማሪ አልነበረኝም። ከዚያ በፊት የማውቀው ክራር መቃኘት ብቻ ነበር፤ አጎቴ ነው ያሳየኝ። በቤተ ክርስቲያን የሚያውቁኝ ሰው ለመምህርቷ ነገሯቸውና መጥቼ ፒያኗቸውን ቃኘሁ። ጨርሼ ስነሳ ሁሉንም ቁልፎች አንድ በአንድ መትተው ሰሙ። አንዲት ቃና ላይ ቆሙና "ይህችን ቸኩለህባታል" አሉኝ። ልክ ነበሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ፒያኖውን አልነካም።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ በነሐሴ፣ ፒያኖው ከፍ ብሏል አሉኝ። በዚህ አገር ነሐሴ በጋ ነው፣ እርጥበቱም እንጨቱን ስለሚያሳብጠው ፒያኖ ጥቂት ከፍ ይላል፤ ስለዚህ አልገረመኝም። ስልኬ ላይ ባለው መለኪያ ሳየው ግን አ የምትባለው መሐለኛዋ ቃና 440 ሄርዝ ነበረች፣ መሆን ያለበት ያው። ልክ ነው ብዬ አልነገርኳቸውም። እሺ አልኩና ወደ 437 አወረድኩት። "አሁን ተነፈሰ" አሉ።

ለምን እሺ እንዳልኩ ብዙ አስቤበታለሁ። አንደኛው ምክንያት አክብሮት ነው፤ ሰባ ዓመት ለሞላቸው መምህር "ጆሮዎ ተሳስቷል፣ ስልኬ ነው ልክ" አይባልም። ዋናው ግን የአጎቴ ትምህርት ነው። ክራር ቋሚ ልክ የለውም። ዘፋኙ ጉሮሮውን ሲጠርግ ይሰማና ክሮቹን ወደ እሱ ይወስዳል፤ ዘፋኝ ሲያረጅ ክራሩም አብሮት ይወርዳል። መሣሪያ ለድምፅ ይታዘዛል፣ ይለኝ ነበር። እኔም ፒያኖውን እንደ ክራር ቃኘሁት። ያልገባኝ ነገር ቢኖር ክራር የባለቤቱ ብቻ መሆኑን ነው። እዚህ ቤት የምትማር ልጅ ነገ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ፒያኖ አጠገብ ትቆማለች።

በመጋቢት እንደገና ከፍ ብሏል አሉኝ። 431 አደረስኩት። በሚቀጥለው ዓመት 425። ከዚያ 415፤ ይህ ማለት ድፍን ግማሽ ድምፅ ነው። በማስታወሻ ደብተሬ እያንዳንዱን ቁጥር ጽፌያለሁ። ከዚህ ቁጥር ቀጥሎ አንዳች ነገር ይመጣል የሚል ስሜት ነበረኝ፤ ምን እንደሆነ ግን ራሴን አልጠየቅኩም።

ምልክቶቹ እየበዙ ሄዱ። ሬዲዮ መክፈት አቆሙ፤ "ዛሬ ሁሉም ይጮኻል" አሉ። ኦፔራ ቤት የሚጋብዟቸውን የድሮ ባልደረቦች ቴርሚን፣ ማለት ቀጠሮ፣ አለብኝ እያሉ መለሷቸው። ለተማሪዋም የሌላ ሰው ቅጂ እንዳትሰማ ከለከሏት፤ ቤቷ የምትለማመደው የእሳቸውን ፒያኖ በስልኳ ቀድታ ነበር። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ጎረቤታቸውን አገኘኋቸው። ወለሉን አልፎ የሚመጣውን ዘፈን ዓመታት ሙሉ ሲሰሙ ኖረዋል። በአስመራ ቅላጼያቸው፣ "ከላይ የሚመጣው ዘፈን እየጨለመ ነው። ዘፈኑ ያው ነው፣ ግን ሰው የሞተበት ቤት ይመስላል" አሉኝ። ሳቅኩ።

ተማሪዋ ባለፈው ዓመት ለሙዚቃ ከፍተኛ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና በሌላ ከተማ ተቀምጣ ነበር። የጣሊያንኛ ዘፈኗ መጨረሻ ላይ ያለችው ከፍተኛዋ ቃና፣ ጀርመኖች ጼ የሚሏት፣ አፏ ውስጥ ተሰነጠቀች። መምህርቷ ፍርሃት ነው አሉ። አባቷ ግን ከዚያ በኋላ ከልጁ ጋር ስምምነት አደረገ። ሰውየው ጴንጤ ነው፤ ገና ሲመጣ "ይሄ ዘፈን አይባል፣ መዝሙር አይባል፣ ምን ልበለው?" ብሎ ጠይቆ መምህርቷ "ሥራ በለው" ብለውት ነበር። ስምምነቱ ይህ ነው፦ አንድ ጊዜ ብቻ ደግማ ትፈተናለች፤ ካለፈች እሱ አፉን ይዘጋል፣ ከወደቀች የነርስነት አውስቢልዱንግ፣ ማለት የሙያ ሥልጠና፣ ትጀምራለች። የሆስፒታሉ ውል ተፈርሞ እቤት ተቀምጧል። ሁለተኛው ፈተና የመጨረሻዋ ነበር።

ከፈተናው ሦስት ሳምንት በፊት፣ በአንድ ቅዳሜ፣ መምህርቷን ከገበያ እየሸኘሁ ነበር። በመንገዳችን ያለ የቤተ ክርስቲያን ደወል መታ። እሳቸው ቆም አሉና ወደ ላይ አዩ።

"ደወሉን ቀይረውታል" አሉ። "ድሮ ከዚህ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ይል ነበር። ለምን ይሆን የቀየሩት?"

ዕቃቸውን አድርሼ ተመለስኩና በሩ ላይ ቅጠል የሚጠርገውን ሰው ጠየቅኩት። ደወሉ አባቱ ልጅ ሳለ የነበረው ነው አለኝ፤ ጥያቄዬ አስቆት ነበር። እኔ አልሳቅኩም። ፒያኖ ይወጣል፣ ይወርዳል። ነሐስ ግን በእርጥበት አያብጥም። ከፍ ያለው ደወሉም ፒያኖውም አልነበረም። በኋላ ሳነብ እንዲህ ዓይነት ፍጹም ጆሮ ያላቸው ሰዎች ሲያረጁ ዓለም በሙሉ ጥቂት ጥቂት እያለ ከፍ ሲል እንደሚሰማቸው ተረዳሁ።

ለሁለት ሳምንት ያህል ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር እንጀራቸውን፣ ስማቸውን፣ የቀራቸውን ሁሉ እነካለሁ። ዝም ብል ልጅቷ ጼ ነው ብላ ከዚያ ግማሽ ድምፅ የሚያንስ ቃና ለምዳ ወደ ፈተናው ትሄዳለች። ሐሙስ ዕለት መምህርቷ ቴርሚን ስላለባቸው ቁልፋቸውን ሰጥተውኝ ሄዱ፤ ፒያኖውን ለእሑዱ ልምምድ እንዳዘጋጀው ነው። ከፒያኖው ፊት ሳይሆን ከጎኑ ቆሜ፣ ሽቦ ቢበጠስ ፊቴን እንዳያገኘው፣ ቃናውን ወደ ላይ መሳብ ጀመርኩ። ዓመታት ረግቶ የቆየን ፒያኖ በአንድ ቀን ግማሽ ድምፅ ከፍ ማድረግ ጥሩ ባለሙያ የሚያደርገው ነገር አይደለም። እንጨቱ ውስጥ ውስጡን ይንቋቋ ነበር። ሦስተኛው ሰዓት ላይ አንድ ሽቦ እንደ ጥይት ጮኾ ተበጠሰ። የታችኛው ፎቅ ጎረቤት በሩን አንኳኩ። ምን ወደቀ ቢሉኝ ምንም አልኳቸው። የተከፈተውን ፒያኖ አይተው፣ የቤቱ ባለቤት በሌለችበት ከላይ ድምፅ መስማት አልወድም አሉና ወረዱ። ሽቦውን ተክቼ፣ ሁለት ዙር ቃኝቼ፣ 440 ላይ አቆምኩት። ቁልፉን በፖስታ ሳጥኑ ውስጥ ጥዬ ሄድኩ።

እሑድ መምህርቷ ትንሽ ተመልካች ፈልገው አባትየውንና ጎረቤታቸውን ጠሩ። ልጅቷ በሰው ፊት እንድትለምድ ነው። እኔ የመጣሁት ሳልጠራ ነው።

መምህርቷ የመጀመሪያውን ምት መቱና እጃቸውን የጋለ ምጣድ እንደነካ ሰው አነሱ። ከዚያ አንዲቷን ቁልፍ፣ አ የምትባለውን፣ አራት ጊዜ ደጋግመው መቱ። ዞር ሳይሉ "ማነው የነካው?" አሉ።

"እኔ ነኝ።"

"መቼ?"

"ሐሙስ፣ እርስዎ ቴርሚን ላይ እያሉ።"

"አውርደው።"

"አልችልም" አልኩ። "አሁን ነው ልክ የሆነው። እስከዛሬ ግማሽ ድምፅ ወርዶ ነበር። ያወረድኩት እኔ ነኝ።"

አባትየው በሰው ቋንቋ ንገረኝ አለኝ። በመሰላል አስረዳሁት። ሁላችንም የምንወጣበት መሰላል አለ፤ የላይኛው መርገጫ ስሙ ጼ ነው። እዚህ ቤት ያለው መሰላል ግን እግሩ አንድ ደረጃ ያህል መሬት ውስጥ ተቀብሯል። ልጅቷ እዚህ ላይኛው መርገጫ ላይ ትወጣለች፤ ፈተናው ቤት ያው መርገጫ ከእጇ በላይ ይሆናል። ሰደርያውን እያስተካከለ ሰማኝ።

"ባለፈው ዓመትም?" አለ።

"ባለፈው ዓመትም። ያን ጊዜ ከግማሽ ድምፅ ትንሽ ያንስ ነበር።"

"ትንሽ ያንስ ነበር" ብሎ ደገመው። ከዚያ ልጁን አየ፣ ልጅቷ ደግሞ ፒያኖውን።

መምህርቷ ተነስተው መሳቢያ ከፈቱና አንድ ወረቀት አወጡ። የሐሙሱ ቴርሚን የጆሮ ሐኪም ዘንድ ነበር። ለማንም አልተናገሩም ነበር፤ ማለት እሳቸውም ጠርጥረው ነበር። ወረቀቱን ለአባትየው ሰጡት። "የሃምሳ ዓመት ሰው ጆሮ ነው ያለሽ አለኝ" አሉ። አባትየው አንብቦ፣ ደህና ነው ይላል አለ። እኔ የሐኪሙ ማሽን ድምፅ መሰማቱን እንጂ የትኛው ድምፅ መሆኑን እንደማይለካ ተናገርኩ። ይህን መናገር አልነበረብኝ ይሆናል። የቀራቸው መከላከያ ያ ወረቀት ነበር።

ከዚያ የገዛ ሹካቸውን አወጡ፣ ከመምህራቸው የወረሱትን። ጉልበታቸው ላይ መትተው ጆሯቸው ሥር ያዙት።

"ቤ ነው" አሉ። ቤ በጀርመኖች አጠራር ከአ ግማሽ ድምፅ በላይ ያለችው ናት። ደግመው መቱ። "ቤ።" ለሦስተኛ ጊዜ ሲመቱ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ እኔ ግን ስልኬ ላይ ያለውን ቁጥር እያየሁ ስለነበር አልሰማኋቸውም። ቁጥሩ 440 ነበር። የሹካውን እግር ፒያኖው እንጨት ላይ አሳረፉት፤ እንጨቱ አብሮ ማጉረምረም ጀመረ፣ ክፍሉ ሁሉ ሰማው። ልጅቷ እጇን ዘርግታ አ የምትባለውን ቁልፍ መታች። ሁለቱ ድምፆች አንድ ሆኑ።

"አ ነው" አለች። ሁልጊዜ በጀርመንኛ የምትመልሰው ልጅ በአማርኛ ነው ያለችው፣ ቀስ ብላ፣ ለታመመ ሰው እንደሚነገር።

ጎረቤት "ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ሻይ ላምጣልሽ?" አሉ።

"ዝፈኚ" አሉ መምህርቷ። ራሳቸው ግን ፒያኖው አጠገብ አልተመለሱም፤ ጀርባቸውን ሰጥተውን ወደ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ዞሩ። መነሻውን እኔ መታሁላት። ልጅቷ ዘፈነች። እስከ መካከሉ ድረስ ድምፅዋ እንደምናውቀው ነበር። ወደ ላይ ስትወጣ አንገቷ ላይ ያለው ሥር ተገተረ። ጼ ላይ ደረሰች፤ ቃናዋ አልተሰነጠቀችም፣ ነገር ግን በመርፌ ቀዳዳ እንደሚያልፍ ክር ቀጥና ወጣች።

መምህርቷ ሳይዞሩ "ከፍ ብለሻል" አሉ።

አላለችም። እንዲያውም በጥቂቱ ዝቅ ብላ ነበር። ልጅቷ እሳቸውን አላየችም፤ እኔን አየች። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ፣ አይደለም በሚል። በዚያው ቅጽበት መምህርቷ ዞሩና ሁለታችንንም አዩን።

ምንም አልተቆጡም። መጥተው የፒያኖውን ክዳን በሁለት እጃቸው አወረዱ። "ከዛሬ ጀምሮ እሱን ጠይቂው" አሏት።

ለፈተናው ስምንት ቀን ቀርቶ ነበር። በሰባቱ ቀናት እኔ በምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ አዳራሽ ውስጥ፣ ከምሳ በኋላ፣ መነሻ እየመታሁላት ተለማመደች። እኔ ቃና እንጂ ዘፈን ማስተማር አላውቅም። ጉሮሮዋን እንዴት እንደምትይዘው ሊነግራት የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እሳቸውም ስልክ አያነሱም። በአምስተኛው ቀን ድምፅዋ ጎረነነ። በስድስተኛው ቀን እንድታርፍ ነገርኳት፤ እምቢ አለች። ፈተናው ቤት ጼን ነካኋት ብላኛለች። ደብዳቤው ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣ፤ አልተቀበሏትም። ምክንያት አልተጻፈበትም።

አባትየው አልሰደበኝም። አንድ ቀን ሆክስት ባቡር ጣቢያ አግኝቶኝ፣ የጣላት የሦስት ዓመቱ መውረድ ይሁን የስምንት ቀኑ መውጣት አላውቅም፣ አንተ ታውቃለህ? አለኝ። አላውቅም አልኩት። እውነቱን ነው የነገርኩት። ዝም ብላት ኖሮ ምናልባት ድምፅዋ ሳይደክም ትገባና በዕድል ትደርስበት ነበር። ወይም ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ጊዜ ብናገር ኖሮ። አሁን በአንድ ሆስፒታል ውስጥ አውስቢልዱንጓን ጀምራለች። በቤተ ክርስቲያናቸውም አትዘምርም ይላሉ።

መምህርቷ ተማሪ መቀበል አቁመዋል። ከሁለት ወር በኋላ ደወሉልኝ። ድምፃቸው የተረጋጋ ነበር። ማንም ስለማይመጣ ማንም አይጎዳም፣ ፒያኖውን ለእኔ ብቻ አውርድልኝ አሉ። ሄጄ ወደ 415 መለስኩት። ቁጭ ብለው አንድ ምት መቱና ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ፊታቸው ላይ የነበረው ሥቃይ ሲለቃቸው አየሁ። ያንን ፊት ካየሁ በኋላ ጥፋት ሠራሁ ማለት ይከብደኛል።

ባለፈው ወር ደግሞ ደወሉ። ከፍ ብሏል አሉ። ሄጄ ለካሁት፤ ንቅንቅ አላለም። ይህ ፒያኖ አሁን ካለበት ብዙ ሊወርድ አይችልም። ሽቦዎቹ ይላላሉ፣ መንቀጥቀጥ ይጀምራሉ፣ ቃና መሆናቸው ቀርቶ ጩኸት ይሆናሉ። የእሳቸው ጆሮ ግን እዚያ ላይ አይቆምም። ይህን እስካሁን አልነገርኳቸውም።

የማስታውሰውን በቅደም ተከተሉ ጽፌያለሁ፤ የቀሩኝ ነገሮች ግን አሉ፣ እዚያ ክፍል የነበራችሁ ብቻ ናችሁ የምትሞሉልኝ። ከሶፋው ላይ ለመምህርቷ ቅርብ የነበሩት ጎረቤት፣ ሹካውን ለሦስተኛ ጊዜ ሲመቱ ምን እንዳሉ ሰምተው ከሆነ ይንገሩኝ። የሐኪሙን ወረቀት ያነበቡት አባት፣ "ደህና ነው" ከሚለው በታች ሌላ የተጻፈ ነገር ነበረው? አንቺ ደግሞ፣ በመጨረሻዋ ቃና ላይ ወደ እኔ ስትዞሪ፣ እኔ ራሴን የነቀነቅኩት ካየሽኝ በኋላ ነው ወይስ ቀድሜ? እኔ በኋላ ነው ብዬ ጽፌያለሁ። ተሳስቼ ከሆነ አርሚኝ።